አልማዝ ባለጭራ ለወጣባት እናቴ የታዘዘው አሲክሎቪር ኩላሊት ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ
የ68 ዓመት እናቴ በግራ ጎኗ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት፣ ሽፍታው በታየ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወስደናት፣ ባለ 800 ሚሊ ግራም አሲክሎቪር በቀን አምስት ጊዜ ለሰባት ቀን ታዘዘላት። እናቴ ስኳርና ደም ግፊት ያለባት ስትሆን ቀደም ሲል በተደረገላት ምርመራ ክሬቲኒኗ (የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ልኬት) ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ሊጠይቋት የመጡ ጎረቤቶችም «ይህ መድኃኒት ኩላሊት ይጨርሳል» ብለው አስፈርተዋታል። በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም በመሆኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን ይህን ያህል እንደሚደጋገም፣ ማቋረጥ ይኖርባት እንደሆነም ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ቸርችል ጎዳና
እግዚአብሔር ይማርልዎት። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በልጅነት ቺክንፖክስ (ውኃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣ በሽታ) የሚያሲዘው ያው ቫይረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖርና ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይቀሰቀሳል። አሲክሎቪር በሚዋጥበት ጊዜ ገና አልነቃም። የሚነቃው ቫይረሱ ባለበት ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ቫይረሱ ራሱ የሚሠራው ታይሚዲን ካይኔዝ የተባለ ኤንዛይም (የኬሚካል ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ለመንቃት ከሚያስፈልጉት ሦስት ፎስፌት የተባሉ ኬሚካዊ ክፍሎች የመጀመሪያውን ሲጨምርበት፣ የቀሩትን ሁለቱን የሕዋሱ ኤንዛይሞች ያሟሉለታል። ቫይረሱ ሲራባ ዲኤንኤውን (የዘር መረጃውን የያዘውን ሰንሰለት) እንደ ዶቃ በክር እየደረደረ ይሠራልና፣ የነቃው አሲክሎቪር በአንድ ወገን ብቻ የተበሳ ዶቃ ሆኖ ይገባና ከእርሱ በኋላ ሌላ እንዳይሰካ ያደርጋል። ጤነኛው ሕዋስ የቫይረሱ ኤንዛይም ስለሌለው መድኃኒቱ እዚያ እምብዛም አይነቃም። በዚህ ጥበብ መድኃኒት የመሥራትን መንገድ ከከፈቱት አንዷ ገርትሩድ ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል፤ በእኔ አስተያየት የሚገባቸው ነበር።

የሚደጋገመው ከሚዋጠው ውስጥ ወደ ደም የሚገባው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የገባውም ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው በሦስት ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ነው። ቫላሲክሎቪር የተባለው ዘመዱ የተሻለ ስለሚመጠጥ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል።

አብዛኛው ሰው የሚገጥመው ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና ራስ ምታት ነው። ስለ ኩላሊት የተባለው ግን ከመሬት ተነሥቶ የተወራ አይደለም። መድኃኒቱ በብዛት የሚወጣው በሽንት ስለሆነ፣ የሰውነት ውኃ ሲያንስ በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ክሪስታል ሊሠራ ይችላል፤ ይህ በይበልጥ የሚታየው በደም ሥር በፍጥነት ሲሰጥ ቢሆንም አረጋውያንና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች በክኒኑም ሊጠነቀቁ ይገባል።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም
እባክዎ በራስዎ አያቋርጡት። ይህ መድኃኒት የበለጠ የሚጠቅመው ሽፍታው በታየ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ እናንተም በጊዜው ደርሳችኋል። ይልቁንም ዛሬውኑ ክሬቲኒን ይታይላቸውና ውጤቱን ላዘዘው ሐኪም ያሳዩ፤ የኩላሊታቸው የማጣራት ጉልበት በደቂቃ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ከሆነ ያው 800 ሚሊ ግራም በየስምንት ሰዓቱ፣ ከ10 በታች ከሆነ በየ12 ሰዓቱ ይደረጋል። ለሕመሙ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይገዙ፤ ለኩላሊታቸው ሸክም ይጨምራሉና ፓራሲታሞል ይሻላል። የሚወስዷቸውን የግፊት መድኃኒቶችም ይዘው ይሂዱ። ውኃ የቋጠረው ቁስል ደርቆ እስኪቀረፍ ድረስ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት እንዳይነኩት ያድርጉ።

መልስ፦ አባቱን ያስታመመ አባል
አባቴ ኩላሊታቸው የደከመ ስለነበር ይህንኑ መድኃኒት እየወሰዱ ሳለ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ በቤት ውስጥ ከሌለ ሰው ጋርም ያወሩ ጀመር። ወዲያው መልሰን ወሰድናቸው፤ መድኃኒቱ በሰውነታቸው መጠራቀሙ ተነግሮን መጠኑ ሲቀነስ አእምሯቸው ተመለሰ። እናትዎ ቢደናገጡ ወይም ያለወትሯቸው እንቅልፍ ቢያበዙ «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሽንታቸውም እንዳይቀንስ ተከታተሉ።

አምስት ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12 እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ይመቻል፤ ሌሊት መቀስቀስ አያስፈልግም። መድኃኒቱ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ውኃው ግን የግድ ነው። የንስሐ አባታቸውን ብታነጋግሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን የምታቀልበት ሥርዓት ስላላት እናትዎ ከልጆቻቸው ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምርመራው ተደርጎ ሐኪሙ በየስምንት ሰዓቱ አደረጉላት፤ የንስሐ አባቷም ውኃ እንድትጠጣ ፈቅደውላታል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሕመሙ ይቀራል?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም
በብዙዎች ይቀራል፤ በአረጋውያን ግን የነርቭ ሕመሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል። አሲክሎቪር የቫይረሱን መራባት ይገታል እንጂ በነርቭ ሥር የተደበቀውን አያጠፋም፤ ስለዚህ ሕመሙ ቢቀጥል አሲክሎቪር መድገም አይጠቅምም። እንደ ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች አሉ፤ እነርሱም በእናትዎ ዕድሜና ኩላሊት ልክ መታዘዝ ስላለባቸው ከመድኃኒት ቤት በቀጥታ አይግዟቸው።