የአውስትራሊያ ስፖርት ሴዳን፦ አካሉ የአንዱ፣ ሞተሩ የሌላው ፋብሪካ የሆነ መኪና በምን ሕግ ይወዳደራል?

የአዳማው ጋራዥ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። አዳማ ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ አለኝ። ማታ ማታ ሜልቦርን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የሚልክልኝን የአውስትራሊያ ብሔራዊ የስፖርት ሴዳን (በዚህ ስም የሚጠሩ የተሻሻሉ የውድድር መኪኖች) ውድድር ቪዲዮዎች እመለከታለሁ። ግራ ያጋባኝ ነገር ቢኖር፣ ከውጭ ሲታይ አልፋ ሮሜዮ የሆነ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት ባለ ስምንት ሲሊንደር የሸቭሮሌት ሞተር የሚገኝበት መሆኑ ነው።

ሞተር መለወጥ ለእኔም እንግዳ ሥራ አይደለም። ባለፈው ዓመት የአንድ ደንበኛዬን ቶዮታ ዲኤክስ 1.3 ሊትር ሞተር አውርጄ በ1.6 ተክቼለት ነበር። ሞተሩ ገባ፤ ነገር ግን በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል የቀረው ክፍተት አንድ ጣት እንኳ አያስገባም ነበር። ሰውየው ከሶደሬ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ውኃው ፈላበት፤ ፍሪሲዮኑም በሁለት ወር አለቀ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩን ለማስቀየር የተመላለስንበትን ጊዜ ባላነሳው ይሻላል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው፦ እነዚህን መኪኖች አንድ ምድብ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? የውድድር ዘመኑ ሻምፒዮን የሚሆነውስ ሁልጊዜ ፈጣኑ መኪና ነው?

የሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ አንድ የሚያደርጋቸው ቅርጻቸው ነው። መኪናው በገበያ ላይ የተሸጠ የቤት መኪና መምሰል አለበት፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለው ግን፣ ማለትም ከቧንቧ ብረት የሚበየደው አጽም፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ፣ የደኅንነት ደንቡንና የሞተር መጠን ገደቡን እስካላለፈ ድረስ በአብዛኛው ለሠሪው የተተወ ነው።

ታሪኩን ካዩት ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልዎታል። ሻምፒዮናው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ያሸነፈው አለን ግራይስ ነበር፤ መኪናው ሆልደን ቶራና ነው። በ1977 ደግሞ በብሪታንያ የሳሉን (የቤት) መኪኖች ሻምፒዮና ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ፍራንክ ጋርድነር በሸቭሮሌት ኮርቬር ዋንጫውን ወሰደ። ኮርቬር ከፋብሪካ ሲወጣ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። ጋርድነር ይህን መኪና ለውበቱ የመረጠው አይመስለኝም፤ ከመነሻው የኋላ ሞተር የነበረው አካል ስለሆነ፣ ትልቁን ቪ-8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ከሹፌሩ ጀርባ ወደ መሀል አስጠግቶ ለማስቀመጥ መንገድ ከፈተለት። ክብደቱ ወደ መሀል የተሰበሰበ መኪና ኩርባ ላይ ምን ያህል እንደሚታዘዝ እርስዎም ያውቁታል።

ከ1982 እስከ 1985 እነዚህ መኪኖች በአውስትራሊያ የጂቲ (የስፖርት መኪኖች) ሻምፒዮና ውስጥ ተካተው ተወዳደሩ። የ1980 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን አለን ጆንስ በ1982 በፖርሽ 935 አሸነፈ፤ በ1985 ግን ብራያን ቶምሰን የመርሴዲስ 450 ኤስኤልሲ አካል ውስጥ የሸቭሮሌት ሞተር አስገብቶ ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ እርስዎ ያዩት ድብልቅ አዲስ ነገር አይደለም።

ከባሕር ማዶ የተመለሰ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ለጥቂት ዓመታት አውስትራሊያ ኖሬ ውድድሩን ሜዳ ድረስ ሄጄ አይቻለሁ። የውድድር ዘመኑ በየከተማው ባሉ ሜዳዎች በሚካሄዱ ጥቂት የውድድር ሳምንታት የተከፋፈለ ነው፤ በአብዛኛው በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሦስት አጫጭር ውድድሮች ይደረጋሉ። ነጥብ የሚሰጠው በገቡበት ደረጃ ስለሆነ፣ አንዱን ውድድር በሰፊ ልዩነት አሸንፎ በሚቀጥለው ካምቢዮው የተሰበረበት ሰው፣ በየጊዜው ሁለተኛና ሦስተኛ እየወጣ ከሚጨርሰው ሊያንስ ይችላል።

ያዩት አልፋ የፐርዝ ልጅ የሆነው የቶኒ ሪቻርዴሎ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ ሰው ሻምፒዮናውን ደጋግሞ አሸንፏል። ፐርዝ ከሲድኒ በመንገድ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መኪናው ተጭኖ ይህን ሁሉ መንገድ ከሄደ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ዕቃ ቢሰበር፣ መለዋወጫው ፐርዝ ቤት ቀርቷል። ቅዳሜ ማታ በመብራት ሞተር አውርደው እሁድ ጠዋት ሲያስነሱ ያየሁት ቡድን አለ፤ አራቱም ሰዎች እንቅልፍ ባላዩ ዓይኖች ቆመው የማርሚታውን ድምፅ እንደ ሕፃን ትንፋሽ ያዳምጡ ነበር። ፈጣኑን መኪና ማን እንደሠራ በአንድ ዙር ይታወቃል፤ ሻምፒዮኑ ግን የሚለየው በእንዲህ ያሉ ሌሊቶች ነው።

ራዲያተር

የሁለቱንም መልስ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የጠያቂያችን ዲኤክስ ተረሳ። የተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) ድጋፍ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የእርስዎ 1.6 ሞተር እዚያ የሚሰጠው ጉልበት በባሕር ጠረፍ 1.3 ሞተር ከሚሰጠው እምብዛም አይበልጥም። በስሱ አየር ምክንያት ራዲያተሩም የሚያስወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ሞተሩን አሳድገው የድሮውን ራዲያተር ከተዉት፣ መፍላቱ የሚጠበቅ ነው።

የስፖርት ሴዳን ሠሪዎች ከፊት የሚያስቀምጡትን ሞተር ወደ ሹፌሩ አቅጣጫ ገፍተው ይተክላሉ፤ ሚዛኑ ይስተካከላል፣ ለራዲያተሩና ለአየሩም ቦታ ይተርፋል። ይህን ዲኤክስ ላይ አይሞክሩ፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ በሞተሩና በሹፌሩ መካከል የተቆረጠ ግድግዳ ይዘው ምን ሊሉ ነው? ይልቅ ወፍራም ራዲያተር ያስገቡ፤ በሞተር የሚዞረውን ማራገቢያ አውጥተው ቀጭን የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይተኩበት፤ ዙሪያውንም በቆርቆሮ ይክበቡት፤ አየሩ በጎን እንዳያመልጥ።

የአዳማው ጋራዥ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማራገቢያውን ዙሪያውን መክበብ ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ ዛሬ ስለካው ከግራ በኩል አየሩ በአራት ጣት ክፍተት ያለ ሥራ ያልፋል። ቆርቆሮው ተቆርጧል። ደንበኛዬ ፈቃደኛ ከሆነ ቅዳሜ በቀትር ሶደሬ ደርሰን እንመለሳለን፤ የሙቀት መለኪያው ዳገቱ ላይ የት እንደቆመ እዚሁ እጽፋለሁ።