ከመጋረጃ ጀርባ የኖሩትን ባልደረባችንን እንዴት እንዘክራቸው?

የሸዋ በር ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ የአንድ ቀበሌ ኪነት (የሙዚቃና የቲያትር ቡድን) አባላት የነበርን ሰዎች ባለፈው ዓመት ያረፉትን የረጅም ዘመን ባልደረባችንን ለመዘከር እየተመካከርን ስለሆነ፣ የዘርፉን ሰዎች ምክር ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። እኚህ ሰው በሙያቸው ልብስ ሰፊ ሲሆኑ፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ካቋቋመ በኋላ በየቀበሌው ኪነት ሲደራጅ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሆነው ገቡ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ ቡድኑ ሲበተንም ልጆች ሰብስበው አማተር የቲያትር ክበብ አቋቋሙና ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ከመድረክ አልራቁም።

መድረክ ስል ግን ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን ማለቴ ነው፤ አንድም ቀን ተውነው አያውቁም። አልባሳቱን የሚሰፉት፣ ከአቡጀዲ የተሠራውን መጋረጃ የሚስቡት፣ አምፖሉን በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብተው አፉን በቀለማም የከረሜላ ወረቀት እየሸፈኑ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጡት፣ መብራት ሲጠፋም ማሾ የሚለኩሱት እሳቸው ነበሩ። ከሁሉም በላይ ግን ከመጋረጃው ጎን በዱካ ተቀምጠው ድርሰቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ቃሉን በሹክሹክታ ያቀብሉ ነበር።

ሐሳባችን ለሁለት ተከፍሏል። በውጭ አገር ያሉት አባላት ገንዘብ አዋጥተን ሐውልት እናሠራላቸው ይላሉ፤ ደሴ ያሉት ደግሞ ከድሮ ተውኔቶቻችን አንዱን እንደገና እናሳይላቸው ይላሉ። ፎቶግራፍ ተሰብስቦ ይታይ ያለም ነበር፤ ነገር ግን ፎቶዎቹ ሁሉ ከተመልካቹ በኩል የተነሡ በመሆናቸው እሳቸው በአንዱም የሉበትም። የእንዲህ ዓይነት ሰው መታሰቢያ ምን ቢሆን ይበጃል ትላላችሁ?

የድሮዋ ተዋናይት፦

ነፍሳቸውን ይማር፤ ወንድሜ፣ እናንተንም ያጽናችሁ። እኔ በሌላ ከተማ ኪነት ውስጥ ያደግሁ ብሆንም እንዲህ ያለ ሰው እኛም ነበረን። በመጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ፤ ሙት ዓመቱም ሐውልቱም የቤተሰባቸውና የእድራቸው ጉዳይ ነው። እናንተ ልትረዱ ትችላላችሁ እንጂ የቲያትር ምሽቱን ከጸሎቱ ጋር አትቀላቅሉት፤ ከተቀላቀለ አንዱ በሌላው ይሸፈናል፣ ባለቤታቸውም ሁለቱን መስተንግዶ በአንድ ቀን አይችሉትም።

ለምሽቱ መጋቢት 18 ተስማሚ ቀን ይመስለኛል። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም የቲያትር ቀን ሆኖ የሚከበረው በዚሁ ዕለት ነው። ዕለቱ ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ግን ምግብ የምታዘጋጁ ከሆነ የጾም ይሁን፤ ሥጋ አቅርቦ እንግዳን ግማሽ በግማሽ ከማዕድ የሚያርቅ ዝግጅት አይቻለሁ።

ሌላው የምለምናችሁ፣ ሰውየውን በንግግር መልአክ አታድርጓቸው። የእኛው ሰው ልምምድ ላይ ላረፈደ ሰው በሩን ቆልፈው አይከፍቱም ነበር፤ ልብስ የቀደደ ተዋናይ እጁ እስኪደማ ራሱ ይሰፋታል። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ‹‹ትዕግሥተኛና ዝምተኛ›› ሲላቸው እኛ እርስ በርስ ተያየን። ያስተማሩን ቁጣቸው ጭምር ነው። የእናንተም ሰው ቁጣ ከነበራቸው፣ በዚያው ልክ ይነገር።

የቲያትር መምህር፦

ከጥያቄዎ ውስጥ እርስዎ እንደ ዋዛ ያለፉት አንድ ነገር ቀልቤን ስቦታል፦ ጭናቸው ላይ የሚዘረጉት ድርሰት። ለመሆኑ ያ ቅጂ የት ነው ያለው?

የምጠይቅበትን ምክንያት ላስረዳ። በዚያ ዘመን አንድ ተውኔት ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት ጽሑፉ ተመርምሮ መፈቀድ ነበረበት። የጽሕፈት መኪና የመታው፣ በካርቦን የተባዛው፣ የተፈቀደው ጽሑፍ አንድ ነገር ነው፤ በመድረክ ላይ የተነገረው ሌላ። ተዋናዩ ሕዝቡ ሲስቅለት ቃል ይጨምራል፣ አዘጋጁ ትዕይንቱ ሲረዝምበት ይቆርጣል፣ አንድ ተዋናይ ሲታመም የእሱ ቃል ለሌላው ይሰጣል። ይህን ሁሉ ለውጥ በየዕለቱ እየተከታተለ በእርሳስ የሚመዘግብ ሰው ቢኖር ቃል አቀባዩ፣ ማለትም ለተዋናዩ የጠፋውን ቃል የሚያቀብለው ሰው፣ ብቻ ነው፤ ካልመዘገበ ሥራውን መሥራት አይችልምና። ስለዚህ የደራሲው ቅጂ ሊታይ የታሰበውን ሲነግረን፣ የእኚህ ሰው ቅጂ ግን በዚያ ምሽት በእርግጥ የታየውን ይነግረናል። ስለ አገራችን ቲያትር ስንጽፍ ከደራሲውና ከተዋናዩ አናልፍም፤ በ1927 ዓ.ም. ስለተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር እንኳ ስናወራ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ እንደነበር እናነሣለን እንጂ ቀሚሱን ስለ ሰፋላቸው ሰው አንጠይቅም።

እንግዲህ ከሐውልቱም ከተውኔቱም በፊት ወደ ቤተሰባቸው ሄዳችሁ ሳጥናቸውን በፈቃድ አስከፍቱ። ወረቀት ካገኛችሁ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ማጣበቂያው ከዓመታት በኋላ ጽሑፉን ያበላሸዋልና፤ የዛገ ስፒል ካለ በጥንቃቄ ይውጣ። እያንዳንዱን ገጽ፣ ባዶ የሚመስለውን ጀርባውን ጨምሮ፣ በቀን ብርሃን በስልክ አንሡት። ካሴት ከተገኘም ከማጫወታችሁ በፊት በአናቱ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ አለዚያ በስሕተት ሌላ ድምፅ ይቀዳበታል። ዋናው ሰነድ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ወደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቢገባ ይመረጣል። ቅጂው ደሴ ይቅር።

ተውኔቱንም ማሳየታችሁን አልቃወምም። ነገር ግን የሚታየው በእሳቸው ቅጂ ላይ ባለው መልክ ይሁን፣ ቃል አቀባዩም ለዚያ ምሽት ብቻ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ።

ሕግ አዋቂ፦

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠበቃል። ስለዚህ ወረቀቱ በሟች ሳጥን ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ተውኔቱን ለማሳየት አያበቃም፤ ደራሲው ካለ እሱን፣ ከሌለ ወራሾቹን በጽሑፍ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። በአማተር ክበብ ውስጥ ‹‹የሁላችንም ነው›› ማለት የተለመደ ነው፣ መግቢያ ሲከፈልበት ግን ጠብ የሚነሣው ከዚሁ ነው።

የሸዋ በር ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ለልጃቸው ደውዬ ነበር። የልብስ ስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ክር ያለባቸው ሁለት ባለ 50 ሉክ ደብተሮችና የታሰሩ የካርቦን ወረቀቶች አሉ፤ በደብተሮቹ ውስጥ ማን የትኛውን ልብስ ለብሶ እንደ ተጫወተ፣ ወገቡና ትከሻው ስንት እንደ ሆነ፣ ልብሱንም መልሶ እንደሆነ በስም ተጽፏል አለችኝ። እኔ ካባ አልመለስኩም ተብዬ ተመዝግቤአለሁ፤ መልሻለሁ፣ ግን አሁን ከማን ጋር እከራከራለሁ።

ተዋናይት እኅቴ፣ ቁጣ ነበራቸው ወይ ላሉት፣ ነበራቸው፤ በሹክሹክታ መሳደብ የሚችል ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም፤ ቃል ለጠፋበት ሰው ስድቡን አስቀድመው ቃሉን ያስከትሉ ነበር። ይህም በምሽቱ ይነገራል። ሐውልቱን ለቤተሰቡ ትተናል፤ ከውጭ የተዋጣው ገንዘብ ግማሹ ለእሱ እንዲሆን ተስማምተናል። የተውኔቱ ደራሲ በሕይወት አሉ፣ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ እንጠይቃቸዋለን።

በዚያ ዘመን ደሴ ላይ በቀበሌ ወይም በከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ በነበረው የከተማ አስተዳደር እርከን) ኪነት የነበራችሁና ድርሰት፣ ካሴት ወይም ፎቶ ያላችሁ ሰዎች ብትኖሩ እዚሁ ጻፉልኝ። ፎቶ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት በጀርባው የሰዎቹን ስም በለስላሳ እርሳስ ጻፉበት፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይዘልቃል።