የካፕ ኮከቦች ከፒክአፕ ውድድር ይውጡ ወይስ ይቆዩ?

የኖክስቪሉ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኤፕሪል 2025 ቴኔሲ ብሪስቶል ላይ የተደረገውን የፒክአፕ ውድድር ያየ ይኖራል። ካይል ላርሰን በአንድ ሳምንት የናስካርን (የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም) የሦስቱንም ሊጎች ውድድሮች፣ ማለትም የታችኛውን የፒክአፕ፣ የመካከለኛውንና የትልቁን የካፕ፣ ሊጠቀልል መጣ፣ በፒክአፑ ቻንድለር ስሚዝ ቀደመው፣ ሌሎቹን ሁለቱን ግን ወሰደ። እኔን የሚከነክነኝ፣ በትልቁ ሊግ በካፕ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ወደ ታች ወርዶ ከጀማሪ ጋር ምን ያጋፋዋል? ይከልከሉ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የጋራዡ ልጅ፦ አልስማማም ወንድሜ። የስሚዝ ድል ያን ያህል የተወራለት እኮ ከኋላው ላርሰን ስለነበረ ነው። ልጅ ልጅን ቢያሸንፍ በምን ይለካል?

ደግሞ ብሪስቶልን እንወቀው። አንዱ ዙር 0.533 ማይል ነው፣ ኩርባው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ያዘመመ፣ ከ1992 ጀምሮ ኮንክሪት። ኮንክሪት ላይ ጎማ ሲፈገፈግ ላስቲኩን ትቶ ያልፋል፣ ላስቲኩ ሲነባበር ደግሞ ጎማ ጥሩ የሚይዘው መስመር ቦታውን ይቀይራል። መጀመሪያ ላይ ታችኛውን ጠርዝ ታቅፎ ሲዞር የነበረው ሁሉ ቆይቶ ወደ ላይ፣ ግድግዳውን ሊታከክ ይወጣል። መቼ መውጣት እንዳለብህ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርህም። የሚያውቀውን ሰው ከኋላ ተከትለህ፣ እጁንና እግሩን እየገመትክ ነው የምትማረው። ላርሰንን ከዚያ ካወጣኸው ልጆቹ ከማን ይማሩ?

ትዕግስት ከናሽቪል፦ ትምህርቱ ይሁን እሺ። ግን በምን መኪና ነው የሚያስተምሩት? ላርሰን የነዳው የስፓየር ፒክአፕ ነው፣ ስፓየር ደግሞ በ2023 የሌላውን የካፕ ኮከብ የካይል ቡሽን የፒክአፕ ቡድን የገዛ፣ በካፕም የሚወዳደር ድርጅት ነው። ትንሹ ቡድን ጎማ እየቆጠበ፣ የተጋጨ ቦዲ እያቃና ነው የሚመጣው። ይሄ ምኑ እኩል ነው? ቡሽ ራሱ በ2010 ብሪስቶል ላይ ሦስቱንም ጠቀለለ፣ በ2017 ደገመው። በፒክአፕ ብቻ ከ60 በላይ ድል አለው። ስፖንሰር ለማግኘት አንዲት ድል የቸገረው ልጅ ስንት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቶ ቀረ? እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የኖክስቪሉ፦ እህቴ ልቤን ነው የተናገርሽው። 2011 ቴክሳስንም አንርሳ። ሮን ሆርናዴይ፣ 4 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሰው፣ ለአምስተኛው እየታገለ ሳለ ቢጫው በርቶ ሁሉም ፍጥነት በሚቀንስበት ሰዓት ቡሽ ከኋላ ገፍቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ቡሽ በፒክአፕ ሻምፒዮና ምንም የሚያጣው ነገር አልነበረም። ሆርናዴይን ግን ያ ነገር የዋንጫ ተስፋውን አስከፈለው።

የጋራዡ ልጅ፦ ያ ጥፋት ነው፣ አልከራከርም። ናስካርም በዚያው ሳምንት ከነበሩት ቀሪ ውድድሮች፣ የእሁዱን ካፕ ጨምሮ፣ አግዶታል። ግን ሚዛኑን በሌላው በኩልም እንየው። ኤሪክ ጆንስ በ2015፣ ክሪስቶፈር ቤል በ2017 በፒክአፕ ሻምፒዮን የሆኑት በማን ቡድን ነው? በቡሽ። ቡባ ዋላስ በ2013 ማርቲንስቪል ላይ ሲያሸንፍ፣ ከ1963ቱ የዌንዴል ስኮት ድል ወዲህ በናስካር ትላልቅ ሊጎች አንድም ጥቁር ሹፌር አሸንፎ አያውቅም ነበር። የዋላስ ፒክአፕም የቡሽ ነበር። ቡሽ ራሱ ባይነዳ ኖሮ ስፖንሰሩ ለዚያ ቡድን ገንዘብ ያፈስ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

የኖክስቪሉ፦ ባለቤት ይሁን፣ መሪ አይጨብጥ። ናስካርም ችግሩን ስላየ ነው እኮ ልምድ ያላቸውን የካፕ ሹፌሮች በ2017 በዓመት 7 የፒክአፕ ውድድር፣ በ2018 ደግሞ 5 ብቻ ብሎ የገደባቸው። ጥሩ ነገር ከሆነ ለምን ይገድቡታል?

አቶ ኮንክሪት፦ ጨው ጥሩ ነው ብለህ በእፍኝ አትጨምርም ወንድሜ። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ይግቡ፣ ግን ከመጨረሻው ረድፍ ይነሱ፣ የሽልማት ገንዘቡም ዓመቱን ሙሉ ለሚወዳደሩት ይከፈል። ብሪስቶል ላይ ከ30 በላይ ፒክአፕ በግማሽ ማይል ሲታጨቅ ከኋላ መነሳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገና ሳትሞቅ መሪው ከኋላህ መጥቶ ዙር ሊደርብህ ይችላል። ተመልካቹ ኮከቡን ያያል፣ ልጁም ሀቁን አያጣም።

ትዕግስት ከናሽቪል፦ ይሄ ሐሳብ ይገባኛል፣ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። ኮከቡ በትልቅ ቡድን ፒክአፕ አይምጣ። ከትንሾቹ አንዱ ጋ ሄዶ ይንዳ፣ ስፖንሰሩንም እዚያው ይዞ ይሂድ። ገንዘቡ እዚያ ከቀረ የዚያ ቡድን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ጎማ ያገኛል። እንደዚያ ከሆነ እኔም "ይቆዩ" እላለሁ።

የኖክስቪሉ፦ እኔ አሁንም ይከልከሉ ነው የምለው። ትንሹ ቡድን አንድ ጥሩ መኪና ነው ያለው። ብሪስቶል ላይ ለላርሰን ከሰጠው የራሱ ልጅ ምን ሊነዳ ነው?