ኢመልሽኔ ፖሊመሩን አልለቅም አለ፤ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሂውስተን ኬሚካል ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ በቧንቧ ውስጥ የውሃን ሰበቃ የሚቀንስ ፖሊመር (እንደ ሰንሰለት የረዘመ ሞለኪውል) ላይ ነው፣ ፖሊአክሪላማይድ የሚባል። ዱቄቱን ውሃ ላይ ስነሰንሰው እንደ ገንፎ ይጓጉላል። ሌሊቱን ሙሉ ካልዞረ አይሟሟም። ስለዚህ ፖሊመሩን የያዘውን ውሃ ዘይት ውስጥ በትንንሽ ጠብታ በትኜ (ኢመልሽን የምለው ይሄን ድብልቅ ነው)፣ ጠብታዎቹን ሲሊካ ናኖፓርቲክል፣ ማለትም እጅግ የደቀቀ የሲሊካ ብናኝ፣ አለበስኳቸው። አሲድ ሲያገኝ ልብሱ ይወልቃል፣ ፖሊመሩ ይወጣል ብዬ ነበር። ሁለት ወር ሆነኝ፤ ፍንክች የለም። ኢመልሽኑን አሲድ ያለው ውሃ ውስጥ ጨምሬ በ10 ሚሊሜትር ቱቦ፣ በደቂቃ ግማሽ ሊትር አሳለፍኩት። ግፊቱ ያው ነው፣ ሰበቃው አልቀነሰም ማለት ነው። አማካሪዬ ፊት ልቀርብ ሦስት ሳምንት ቀረኝ።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ሲሊካው ላይ ምን ተለጥፏል?

ጠያቂ፦
ተዘጋጅቶ የተገዛ ነው። ውሃ እንዲጠላ በሲሌን (ሲሊካ ላይ የሚጣበቅ ኬሚካል) የታከመ። ሌላ ምንም የለበትም።

መልስ 1፦
አገኘነው። እንዲህ ያለው ሲሌን አብዛኛውን ጊዜ የሚለጥፈው ሜታይል የሚባል ውሃ ጠል ቡድን ነው፤ እሱ ደግሞ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ወረደ ወጣ ግድ አይሰጠውም። ፓርቲክል ደግሞ እንደ ሳሙና ገባ ወጣ አይልም። ራዲየሱ 10 ናኖሜትር እንኳን ቢሆን፣ ከዘይትና ከውሃው ድንበር ለመንቀል ከሙቀት ንዝረት እስከ ሺዎች እጥፍ የሚደርስ ጉልበት ይፈልጋል። በራሱ አይወጣም፣ ጠባዩን መቀየር አለብሽ። አሚን (ናይትሮጅን ያለበት ቡድን) ያለው ነገር ለጥፊበት። አሚን አሲድ ሲያገኝ ፕሮቶን ይቀበላል፣ ቻርጅ ይይዛል፣ ውሃ ይወዳል። ያኔ ድንበሩን ለቆ ውሃው ውስጥ ይገባል።
ሌላም አለ። የአንቺ ጠብታ ውጪው ዘይት ነው። ዘይቱ አሲዱን እንደ ጃንጥላ ይመልሰዋል። በማደባለቂያ በኃይል ካልመታሽው አሲዱ ፓርቲክሉ ጋ አይደርስም። አብዝተሽ ከመታሽው ደግሞ ረጅሙን ፖሊመር ትቆራርጪዋለሽ። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው።

መልስ 2፦
ልጄ፣ እኔ የቧንቧ ሰው ነኝ፣ ኬሚስትሪውን ከእኔ በፊት ለመለሰው ልተው። ግን ቁጥርሽን አሰላሁት። በ10 ሚሊሜትር ቱቦ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ማለት የሬይኖልድስ ቁጥርሽ (ፍሰቱ ጸጥ ያለ ወይስ የሚናወጥ መሆኑን የሚያሳየው) 1060 ገደማ ነው። ፍሰትሽ ገና ጸጥ ያለ ነው! ተመራማሪው ቶምስ በ1948 ያሳየው ነገር፣ ፖሊመር ሰበቃን መቀነሱ፣ የሚሠራው ፍሰቱ ሲናወጥ ብቻ ነው። ፖሊመሩ የሚያረግበው አዙሪቱን ነው፤ አዙሪት ከሌለ ምን ያረግባል? ምርጥ ፖሊመር ብትጨምሪም ግፊቱ አይወርድም፣ እንዲያውም ትንሽ ይጨምራል። በደቂቃ 5 ሊትር አድርጊው፣ ከ10,000 በላይ ይሆናል። መጀመሪያ በደንብ የሟሟውን ዱቄት ሞክሪ፣ መለኪያሽ እንደሚያይ እርግጠኛ ሁኚ። ፖሊመሩንም ከፓምፑ በኋላ አስገቢ። በ1979 አላስካ ቧንቧ ላይ በድፍድፍ ዘይት ሲጀመር (ያኛው ፖሊመር በዘይት የሚሟሟ ነው) ጣጣው ያው ነበር። ፓምፑ ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ከየጣቢያው ቀጥሎ እንደገና ይጨመራል።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሬይኖልድስን አንዴም አላሰላሁም፣ አፈርኩ። ዛሬ በ5 ሊትር አሳለፍኩት። ሌሊቱን ያደረው ዱቄት፣ 20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) ብቻ፣ ግፊቱ ዓይኔ እያየ ወረደ። ኢመልሽኑ ግን አሁንም ዝም። አሚን ያለው ሲሌን ሰኞ ይደርሳል። ለመምታቱ ምን ያህል ዙር ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
ከዝቅተኛው ጀምሪ። በየደቂቃው ናሙና እየወሰድሽ ቪስኮሲቲውን (ውፍረቱን) ለኪ። ቪስኮሲቲው መጨመሩን ያቆመበት ቦታ ላይ አቁሚ፤ ከዚያ በኋላ መውረድ ከጀመረ መቁረጥ ጀምረሻል ማለት ነው።