አዲስ የተፈለፈሉ እንቁላል በል እባቦች ምን ይብሉ?

ድርጭት_ቤት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጀርመን ነው። ከመፈልፈያው ስምንት የዳሲፔልቲስ ስካብራ ልጆች ወጥተዋል፤ ተራው የአፍሪካ እንቁላል በል እባብ ማለት ነው። ርዝመታቸው ወደ 24 ሳ.ሜ.፣ ክብደታቸው 4 ግራም ገደማ ነው፤ የመጀመሪያ ቆዳቸውንም ጥለዋል። ለየብቻ በ3 ሊትር የፕላስቲክ ሣጥን አስቀምጫቸዋለሁ። ሙቀቱ በአንዱ ጫፍ 29፣ በሌላው 23 ዲግሪ ነው፤ የውሃ ዕቃና መደበቂያ አላቸው። ከሱቅ የገዛሁትን የድርጭት እንቁላል ሳስቀምጥላቸው በምላሳቸው አሽትተው ጥለውት ይሄዳሉ። ምን ልስጣቸው? በስሪንጅ መመገብስ መቼ ነው የሚጀመረው?

ወፍና_እባብ

ወንድሜ፣ ሙቀቱም ሣጥኑም ደህና ነው። ችግሩ እንቁላሉ ነው። የሱቅ ድርጭት እንቁላል ከ10 እስከ 12 ግራም ይመዝናል፣ ወርዱም 2.5 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። የ4 ግራም እባብ አፉ የቱንም ያህል ቢለጠጥ ይህን አያሳልፍም። ለዚህ ዕድሜ የሚሆነው የዜብራ ፊንች (በቤት የምትረባ ትንሽ ወፍ ናት) እንቁላል ነው፦ 1 ግራም ገደማ፣ 1.5 በ1.1 ሳ.ሜ.። የሶሳይቲ ፊንችም ያው ነው። የካናሪ እንቁላል 2 ግራም ስለሚጠጋ ከስምንቱ ተለቅ ያሉት ብቻ ይሞክሩታል።

ሁለተኛው ነገር ሽታ ነው። ይህ እባብ እንቁላሉን የሚመርጠው አሽትቶ ነው፤ የተበላሸውን ወይም ውስጡ ጽንስ የጀመረውን አይነካም። የታጠበና በፍሪጅ የቆየ የሱቅ እንቁላል ደግሞ የወፍ ሽታ የለውም። ስለዚህ የፊንቹን እንቁላል በተጣለበት ቀን አንሳው፣ አትጠበው፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠህ ከሰባት ቀን በፊት ተጠቀምበት። ከማቅረብህ በፊት ወደ ክፍል ሙቀት ይመለስ። ከዚያው ጎጆ ጥቂት ላባና ሣር በትንሽ ክዳን ላይ አድርገህ ሁለት እንቁላል አስቀምጥበት፤ ማታ መብራት አጥፍተህ ሂድ። ቆመህ ካየኸው አይበላም።

ጠዋት የምትፈልገው እንቁላሉ መጥፋቱን ብቻ አይደለም። እባቡ እንቁላሉን ሙሉውን ከዋጠ በኋላ ከአንገቱ አከርካሪ ወደ ጉሮሮው በሚወጡ የአጥንት ጫፎች ይሰብረዋል፣ ፈሳሹን ወደ ሆዱ ይጨምቃል፣ ቅርፊቱን አጣጥፎ ይተፋዋል። የፊንች ቅርፊት ከተተፋ በኋላ በጣም ትንሽ ስለሆነ በእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ አታገኘውም። በነጭ ሶፍት ላይ አኑራቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስምንት እባብ በሳምንት ሁለት ሁለት ቢበሉ 16 እንቁላል ይፈልጋሉ። አንዲት ፊንች በቀን አንድ እየጣለች በአንድ ዙር ከ4 እስከ 6 ትጥላለች። ሁሉም ከተነሳባት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ትጀምራለች። በአማካይ ከአንድ ጥንድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ታገኛለህ፤ ስለዚህ ሰባት ጥንድ ያህል ሳያቋርጡ መጣል አለባቸው። ግን ሳያቋርጡ ማስጣል ወፏን ይገድላል፤ ካልሲየሟ ያልቅና እንቁላል ይቀረቀርባታል። ከሦስት ዙር በኋላ የፕላስቲክ እንቁላል ተክተህላት ትታቀፈውና ትረፍ። በተራ ለማስጣል ከአሥር ጥንድ በላይ ያስፈልግሃል። ያን ያህል ወፍ ማኖር ካልቻልክ ፊንች የሚያረቡ ሰዎችን ጠይቅ፤ ጫጩት የማይፈልጉበት ወቅት ላይ እንቁላሉን ይጥሉታልና ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይሰጡሃል።

አዲስ_ገቢ

የአይጥ ግልገል በእንቁላል ነክሮ ቢሰጣቸውስ? ለሌሎች እምቢ ባይ እባቦች ሽታ መቀባት ይሠራል።

ወፍና_እባብ

ለበቆሎ እባብ ወይም ለንጉሥ እባብ አዎ። እዚህ ግን አይሠራም። ዳሲፔልቲስ ጥርሱ ጥቂትና እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ሥጋ ይዞ ወደ ውስጥ መጎተት አይችልም፣ አደንም አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ምግቡ የወፍ እንቁላል ብቻ ነው። በግድ የተሰጠ ሥጋ ቢተፋ ነው፤ ካልተፋው ይባስ።

ማታ_ተነሺ

ድርጭት_ቤት፣ ስለ ስሪንጁ እኔ ልመልስልህ። ቶሎ አትጀምር፣ ግን ሰውነቱ እስኪያልቅም አትጠብቅ። መለኪያው ቀን ሳይሆን ሚዛን ነው። 0.1 ግራም በሚለካ ሚዛን በሳምንት አንድ ጊዜ መዝን። 4 ግራም የነበረው ወደ 3.6 ሲወርድ፣ ወይም ጎኑ ላይ ቆዳው ሲታጠፍና አከርካሪው ሲታይ ጀምር። በዱር ወፎች ከሚጥሉበት ወቅት ውጪ ለረጅም ጊዜ ጾሞ ይኖራል የሚባለው ትክክል ነው፤ ግን ያ በልቶ ስብ ላጠራቀመ ትልቅ እባብ ነው። ፍልፍሉ ያለው ከእንቁላሉ ይዞት የወጣው አስኳል ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትኩስ የድርጭት እንቁላል ሰብረህ ነጩንና አስኳሉን አንድ ላይ ምታው። ነጩን ብቻ አትስጥ፤ ስቡም አብዛኛው ቫይታሚንም ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው። ከዚያ በሻይ ማጥለያ አጥልለው፤ ነጩ ውስጥ ያለው ወፍራም ክር ቱቦውን የሚዘጋው እሱ ነው። ኩባያውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ ወደ 28 ዲግሪ አምጣው። ውሃው ከፈላ እንቁላሉ ይረጋል።

1 ሚ.ሊ. ስሪንጅና ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚ.ሜ. የሆነ፣ ጫፉ የከበበ ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ያስፈልግሃል። ለሌሎች እባቦች የሚሸጠውን ኳስ ጫፍ ያለው የብረት መርፌ እዚህ አታስገባ። ከላይ የተጠቀሱት የአጥንት ጫፎች ጉሮሮው ውስጥ ናቸው፤ ብረቱ ሲነካቸው ስትገፋ ጉሮሮውን ትቀደዋለህ። ለስላሳው ቱቦ ግን ይታጠፍና ያልፋል። ቱቦውን ከእባቡ ጎን ለክተህ ከአፉ እስከ ርዝመቱ ሲሶ፣ ማለትም 8 ሳ.ሜ. ላይ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት። ጫፉን በእንቁላል አርጥብ፣ አየሩን አስወጣ።

አፉን በቀጭን ፕላስቲክ ጠርዝ ቀስ ብለህ ክፈት። ከታች፣ ምላሱ አጠገብ የምታያት ቀዳዳ የመተንፈሻው ናት፤ ቱቦው ከእሷ በላይ፣ በላንቃው በኩል ይለፍ። ከተያዘ መልሰህ አዙረው እንጂ አትግፋ። የመጀመሪያው መጠን ከክብደቱ 5 በመቶ ነው፦ ለ4 ግራም 0.2 ሚ.ሊ.። ካልተፋ በቀጣዮቹ እስከ 0.4 ድረስ ከፍ አድርግ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያልክ ጨምቅ። ፈሳሽ አፉ ውስጥ ከታየህ ወዲያው አቁም፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች አዘንብል። ከዚያ ለ48 ሰዓት አትንካው። የተረፈውን ድብልቅ ድፋው። ዕቃውን በሙቅ ውሃና ሳሙና፣ እጅህንም እንዲሁ ታጠብ፤ ሳልሞኔላ የሚመጣው ከእንቁላሉም ከእባቡም ነው። በየ7 እስከ 10 ቀን ድገመው።

ከመገብከው በኋላ የሚተፋ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ መጠኑ በዝቷል፣ ሣጥኑ ቀዝቅዟል፣ ወይም ቶሎ ነክተኸዋል። ሁለት ሳምንት አሳርፈህ በግማሽ መጠን ጀምር። በመካከሉ የፊንች እንቁላል ማቅረቡን አታቋርጥ፤ በራሱ የበላው አንድ እንቁላል ከሦስት ስሪንጅ ይሻላል።

በነገራችን ላይ አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ፦ ይህ እባብ በኢትዮጵያም አለ፣ መርዝም የለውም። ሲፈራ ግን ተጠምዝዞ የጎን ቅርፊቱን እያፋተገ ልክ እንደ ኤኪስ፣ እንደ መርዛሙ እፉኝት፣ ይጮኻል። ኤኪስም በቆላው አለ። በመልክ ለመለየት ብላችሁ አታንሱት። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው።

ድርጭት_ቤት (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ ከፊንች ወደ ድርጭት እንቁላል የሚሻገሩት መቼ ነው? በቀጥታ ይዘላሉ?

ወፍና_እባብ

አይዘሉም። መሃል ላይ ካናሪ፣ ከዚያ የቻይና ድርጭት አለ፤ የሷ እንቁላል 5 ግራም ገደማ፣ ወርዱ 1.9 ሳ.ሜ. ነው። ርዝመታቸው 40 ሳ.ሜ. አካባቢ ሲደርስ አንድ አስቀምጥላቸው። ከወርዱ በላይ ማለፍ ካቃተው ራሱ ይተወዋል፤ አይጎዳውም። የቻይና ድርጭት ደግሞ ከፊንች በብዙ ይሻላል፦ በጥሩ ብርሃንና መኖ አብዛኛውን ቀን አንድ ትጥላለች፣ ጎጆም ሠርታ መታቀፍ እምብዛም አይሆንላት። እባቦቹ እዚያ እስኪደርሱ ድረስ ብዙ ወራት ስለሚቀርህ አራት አምስት ድርጭቶች ከአሁኑ ማሳደግ ጀምር።

ማታ_ተነሺ

ወንዶቹ ከሴቶቹ ያንሳሉ፤ ትልቁን የድርጭት እንቁላል ጨርሶ የማይደፍር ወንድ ይኖርሃል። እሱን በቻይና ድርጭት እንቁላል ላይ ተወው። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሁሉንም እንቁላል መፈልፈያ አታስገባ፤ ፊንቾችህ ስንት ማብላት እንደሚችሉ ቆጥረህ ያን ያህሉን ብቻ አስገባ።