ጥያቄ፦ ካንሰሩ ለተመለሰበት ወንድሜ «አዲስ የኬሞ ቅንብር ሙከራ» ተገኘ፤ ላስገባው?

ቦርከና (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ታሞ አዲስ አበባ ቾፕ የሚሉትን ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ቅንብር) ጨርሶ ነበር። ሰውነቱ ተመልሶ ሥራም ጀምሮ ነበር። አሁን አንገቱ ሥር ያለው እብጠት መልሶ ወጣ። ውጭ ያለች አክስታችን ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ የሚሞከርበት «ፌዝ 1» የሚባል ጥናት በአንድ ወኪል በኩል አገኘሁ አለች። እማ «አላህ የከፈተው በር ነው» ብላ ቤቱን ለመሸጥ ደላላ እያነጋገረች ነው። ፌዝ 1 ምንድን ነው? ያድናል? ቤቱስ ይሸጥ?

ጦሳ ማዶ (ፋርማሲስት፣ ደሴ)
አብሽር ወንድሜ። ደላላውን ለጊዜው አቆዩት።

ፌዝ 1 ዋናው ጥያቄው «ያድናል ወይ?» አይደለም። «ሰው ምን ያህሉን ይችለዋል?» ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሠራል፦ 3 ታካሚ በዝቅተኛ መጠን ይጀምራል። ክፉኛ የተጎዳ ከሌለ ቀጣዮቹ 3 ከፍ ያለ መጠን ይወስዳሉ። አንድ ሰው ከተጎዳ በዚያው መጠን ሌላ 3 ይጨመራል። ከ6ቱ 2 ከተጎዱ መጠኑ ከዚያ በላይ አይወጣም። ስለዚህ ወንድምህ ቀድሞ ከገባ የሚደርሰው መጠን ካንሰሩን ላይነካው ይችላል፤ ዘግይቶ ከገባ ደግሞ ጉዳቱ ሊከብድ ይችላል። የሚሻላቸው ሰዎች አሉ፣ ግን ማንም ቃል አይገባልህም።

ቅንብር ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። ሁለቱም መድኃኒት ነጭ የደም ሴል (ኢንፌክሽን የሚከላከለውን) የሚያወርድ ከሆነ ጉዳቱ ይደራረባል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አንዱን በታወቀ መጠኑ ይዘው ሌላውን ቀስ እያሉ ከፍ ያደርጋሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ፍሬይሪችና ፍሬይ የሚባሉ ሐኪሞች ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ላለባቸው ሕፃናት ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴት፣ መርካፕቶፑሪንና ፕሬድኒሶንን አንድ ላይ ሰጡ። «ልጆቹን ትገድሏቸዋላችሁ» ያላቸው ባልደረባ ብዙ ነበር። ቪንክሪስቲን ግን በዋናነት የሚጎዳው ነርቭን እንጂ የደም ሴል የሚሠራበትን መቅኔ አይደለም። ለዚህ ነው ከሌሎቹ ጋር አብሮ የሚሄደው። ቾፕ ውስጥም ቪንክሪስቲን አለ፤ ወንድምህ ያኔ ጣቱ ደንዝዞ፣ ሆዱ ደርቆ ከነበረ ያ የእሱ ሥራ ነው።

አዝዋ ገደል
ወንድሜ፣ ልጁን የፈረንጅ አይጥ አታድርገው። ጥቁር አዝሙድ በማር ስጠው፣ ዱዓ ይደረግለት፣ በቃ።

የሐይቋ ነርስ
አዝዋ ገደል፣ ዱዓው ይሁን፤ እኛም አሚን እንላለን። ጥቁር አዝሙዱን ግን ሐኪሙ ሳያውቅ አይሆንም። አንዳንድ ቅጠላ ቅጠል ጉበት የኬሞውን መድኃኒት የሚያጣራበትን ፍጥነት ይቀይራል። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ደብቆ ከወሰደ ጉዳቱ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። «አይጥ» ላልከው፣ ሰውየው ፈርሞ ነው የሚገባው፤ በፈለገበት ቀን ይወጣል፤ ስለወጣም ሌላው ሕክምናው አይቀርበትም።

ቦርከና፣ እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ቾፕ አንድ ጊዜ ወስዶ የተመለሰበት ወጣት ቀጥታ ፌዝ 1 ለምን ይገባል? ፌዝ 1 አብዛኛውን ጊዜ የታወቀው መንገድ ላለቀበት ሰው ነው። አይስ፣ ዲሃፕ፣ ጂዲፒ የሚባሉ የሁለተኛ ዙር ቅንብሮች አሉ። ሐኪሙን ስለ እነሱ ጠይቁ። እብጠቱም እንደገና ናሙና ይወሰድለት። የተመለሰ ሁሉ ያው የድሮው በሽታ አይሆንም።

ወረቀት ላይ ደግሞ አትዘናጉ። የፓቶሎጂ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ናሙናው በሰም የተቀበረበትን ብሎክ ጠይቁ። ትንሽ ቁራጭ ናት፣ ቁጥር ተጽፎባታል፤ ሌላ ቦታ እንደገና ሲመረመር የምትፈለገው እሷ ናት። ስንት ዙር ኬሞ፣ በስንት ሚሊግራም እንደወሰደም አጽፉ። በተለይ ቀዩን መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲንን። ልብን ስለሚጎዳ በዕድሜ ልክ የሚወሰድበት ጣሪያ አለው፤ ቀጣዩ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ወሎዬዋ ከውጭ
ባለቤቴ እዚህ የሉኪሚያ ፌዝ 1 ውስጥ ነበር። ስለ ብሩ ልንገርህ። የሚሞከረውን መድኃኒት አላስከፈሉንም። የጨረሰን መመላለሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ክንዱ ላይ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቆይ ቀጭን ቱቦ) ተክለው በየሰዓቱ ደም ይቀዳሉ፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለማየት ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ትመላለሳለህ። ትኩሳት 38 ከገባ ሌሊትም ቢሆን ትሮጣለህ። ከኮምቦልቻ ሆነህ አይሞከርም፤ እዚያው አጠገብ ቤት መከራየት ነው።

ስለዚህ ወኪሉ ለመድኃኒቱ ብር ከጠየቀ ተጠራጠር። የጥናቱን መመዝገቢያ ቁጥር በለው። የአሜሪካው መዝገብ ላይ ያለ ከሆነ «ኤንሲቲ» ብሎ ይጀምራል፤ ማንም በነፃ ከፍቶ ያየዋል። አገር ውስጥ ነው ከተባለም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውሳኔ ይኑረው።

ቦርከና (ጠያቂ)
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቁጥሩን አክስቴ አስልካልኝ አየነው። ጥናቱ እውነተኛ ነው፣ ግን ለአኪዩት ሉኪሚያ ነው፤ ሊምፎማ ያለበት አይገባም ይላል። ወኪሉ ደግሞ «ለመመዝገቢያ» ብሎ ቅድሚያ ብር ጠይቋታል። ቤቱ አይሸጥም፣ እማንም አሳምኛታለሁ። ግን ኩርፍ ብላለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሁለተኛ ዙር ኬሞ ከጀመረ ረመዳን ላይ ይደርሳል። ይጹም?

የሐይቋ ነርስ
አይጹም። አይስ ውስጥ ያለው አይፎስፋሚድ ፊኛን ያቆስላል፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ መጠጣት አለበት። ለበሽተኛ ሸሪዓውም ፈቅዷል። እማ ካላመነች ሰፈር ያሉትን ሼህ አናግራቸው፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች።

ጦሳ ማዶ
ኬሞው በገባ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴሉ በጣም ይወርዳል። በዚያ ሰሞን ቴርሞሜትር ቤት ይኑር፣ ጥሬ ሥጋ አይብላ። ካተኮሰው ፓራሲታሞል ውጦ እንዳይተኛ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰደው።