በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስለቆሙ ሶፍትዌሮች፦ የጋራ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ቀርቧል። አባላት የምንጠቀምባቸውን የክፍት ምንጭ (ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌሮች በአንድ ዝርዝር አሰባስበን፣ አንድ ሰው ብቻ የሚንከባከባቸውን ለይተን፣ ለእነዚያ ሰዎች ከጋራ ፈንዱ በየዓመቱ እንክፈል የሚል ነው። አስተያየት እስከ ዓርብ ይግባ።

የሥልጠና ቡድን፦ ዝርዝሩን እኔ አዘጋጃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ በነፃ የምናገኘውን ነገር ለምን እንደምንከፍልበት ረቂቁ አይናገርም። በጠቅላላ ጉባኤው የምጠየቀው እኔ ነኝ።

የደኅንነት ቡድን፦ የኤክስዜድን ጉዳይ ያስገቡ። ያንን የፋይል መጭመቂያ ለዓመታት ያለ ክፍያ የተንከባከበው ሰው ሥራው ሲከብደው፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደህና ደህና ኮድ እየላከ አመኔታ ያተረፈ፣ ማንነቱ የማይታወቅ «ረዳት» አዳዲስ ስሪቶችን እስከ ማውጣት ደረሰ፤ በ2024 የወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) ተቀብሮባቸው ተገኙ። ነገሩ የተደረሰበትም በደኅንነት ፍተሻ ሳይሆን፣ አንድ መሐንዲስ በኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከርቀት መጠቀሚያ መንገድ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ስለከነከነው ነው።

የክፍያ ሥርዓት ቡድን፦ እስማማለሁ። ሆኖም አርማችን በድጋፍ ሰጪዎች ገጽ ላይ እንደሚወጣ ይጻፍ።

የመረጃ ቋት ቡድን፦ የማን አርማ? ከፍተኛውን መዋጮ የምናዋጣው እኛ ስለሆንን የእኛ ይቅደም።

የክፍያ ሥርዓት ቡድን፦ ቅደም ተከተሉ በገንዘብ ከሆነ፣ ያለፈውን ዓመት ውዝፍ ማን እንዳልከፈለም በዚያው ገጽ ይውጣ።

የመረጃ ቋት ቡድን፦ ውዝፉ ለምን እንደተያዘ እርስዎ አሳምረው ያውቃሉ። ይህ ንግግር ካልተሰረዘ ከፈንዱ እንወጣለን።

የደኅንነት ቡድን፦ በ2014 እ.ኤ.አ. ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ክፍተት ሲገለጥ፣ የዓለም ድረ ገጾች ትልቅ ክፍል ምስጢሩን በአደራ የሰጠው ክፍተቱ የተገኘበት የመመስጠሪያ ሶፍትዌር፣ ኦፕንኤስኤስኤል፣ በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ለአርማ ቦታ ሰልፍ የያዘ ግን አልነበረም።

ጸሐፊ፦ አርማዎቹ በፊደል ተራ ይቀመጡ።

የክፍያ ሥርዓት ቡድን፦ በግዕዙ ነው በላቲኑ?

የመረጃ ቋት ቡድን፦ በግዕዙ ከሆነ ተቃውሞ የለንም። ንግግሩም ይለፍ።

የማሰማራት ቡድን፦ እኔ ስለ ክፍያው ራሱ ልጠይቅ። ብር ሁለተኛ ሰው አይሆንም፤ የታመመን ወይም የተሰላቸን ሰው በቦታው አያቆየውም። በ2016 እ.ኤ.አ. ሌፍት-ፓድ የተባለችውን የ11 መስመር ኮድ ባለቤቷ ከኤንፒኤም (ፕሮግራመሮች ኮድ ከሚጋሩበት ማከማቻ) ሲያነሣት በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው፤ ያደረገውም በስም ይገባኛል ክርክር ተቆጥቶ እንጂ ገንዘብ አጥቶ አይደለም። የሚያስፈልገን ከሁሉ በፊት የምንጠቀምበትን ስሪት በራሳችን ሰርቨር ማስቀመጥ፣ ቀጥሎም ከየቡድናችን አንድ አንድ ሰው ኮዱን እንዲያነብ መመደብ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰርቨሩን እደግፋለሁ፤ ንብረት ስለሆነ ለኦዲት አያስቸግርም።

የደኅንነት ቡድን፦ የተቀመጠ ቅጂ ክፍተቱን አይደፍንም። የሚጠግነው ሰው ከሌለ የተበላሸውን ስሪት ጠብቀን መያዛችን ነው። ኮድ አንባቢዎቹንስ ማን ይመድባል?

ጸሐፊ፦ የሥልጠና ቡድን፣ ዝርዝሩ የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦ የሥልጠና ቡድን?

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ የሰርቨር ግዢ፣ የአርማዎች ቅደም ተከተል በግዕዝ ፊደል ተራ፣ የአርማ ኮሚቴ።

የደኅንነት ቡድን፦ ክፍያውም ኮድ አንባቢዎቹም ወጥተዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ለማን እንደሚከፈል የሚያሳይ ዝርዝር ስላልቀረበ በጀት መያዝ አልቻልኩም። ለአርማ ኮሚቴው ግን ሦስት ሰዎች ተመዝግበዋል።